ሥሩ ሳይነቀል፦ የመድኃኒት ዕፅዋት በጠርሙስ የተባዙበት ታሪክ

መድኃኒትነቱ በቅጠሉ ላይ ያለ ተክል ቢቀጠፍም መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ጤና አዳም ከየጓሮው ለዘመናት ሲቀነጠስ ኖሮ ያልጠፋው ለዚህ ነው። መድኃኒትነቱ በሥሩ ወይም በቅርፊቱ ውስጥ የሆነ ተክል ዕጣው ሌላ ነው። ቀበሪቾ የሚፈለገው ለሥሩ ነውና አንዴ ተቆፍሮ ከወጣ ተክሉ አበቃለት ማለት ነው፤ ዙሪያውን ቅርፊቱ የተላጠ ዛፍም ቆሞ ይደርቃል። በዚህ ላይ ሁለተኛ ችግር አለ። ከአንድ እናት ተክል የተለቀመ ዘር ሲዘራ የሚበቅሉት ልጆች እንደ አንድ ቤት ወንድምና እህት ይለያያሉ፤ በአንዱ ውስጥ ፍቱኑ ንጥረ ነገር በብዛት ሲገኝ በሌላው ጥቂት ይሆናል። ለጥላ በሚተከል ዛፍ ላይ ይህ ልዩነት የሚያመጣው ጉዳት የለም። በመጠን ለሚሰጥ መድኃኒት ግን ትልቅ እንቅፋት ነው።

ቲሹ ካልቸር የሚባለው የኅብረ ሕዋስ ብዜት ለሁለቱም ችግሮች መልስ ይሰጣል። ከተመረጠ ተክል ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የምታክል ቁራጭ ትወሰዳለች፤ ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ ስኳር፣ ማዕድናትና ሆርሞን ባለበት ምግብ ላይ ትቀመጣለች፤ ከእሷም በዘረመል እናቲቱን የሚመስሉ ብዙ ችግኞች ይገኛሉ። እናት ተክሏ ከነሥሯ በቦታዋ ትቆያለች። ዘዴው ግን ለመድኃኒት ተብሎ የተፈለሰፈ አልነበረም። ከስድሳ ዓመት በላይ ሲጎለብት የቆየው ከመድኃኒት ጋር ግንኙነት በሌላቸው ጥያቄዎች ላይ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያውን ጥያቄ ያነሣው ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጎትሊብ ሀበርላንት ነው። ዕፅዋት ሁሉ በሕዋስ የተገነቡ መሆናቸው በ1830ዎቹ መጨረሻ ከታወቀ ወዲህ፣ እያንዳንዱ ሕዋስ ለብቻው ቢነጠል መላውን ተክል መልሶ ማብቀል ይችል ይሆን የሚለው ሐሳብ ሲጉላላ ቆይቶ ነበር። ሀበርላንት በ1902 ባሳተመው ጽሑፍ ሙከራውን አቀረበ። ከአንድ የአረም ዓይነት ቅጠል የነጠላቸውን ሕዋሳት ስኳርና ማዕድናት ባሉበት ውሃ ውስጥ አኖራቸው። ሕዋሳቱ ለሳምንታት በሕይወት ቆዩ፣ ገዘፉ፣ ስታርችም አከማቹ፤ አንዳቸውም ግን ለሁለት አልተከፈሉም። የመረጣቸው ሕዋሳት ዕድገታቸውን የጨረሱ ነበሩ፤ እንዲከፈሉ የሚያዝዟቸው ሆርሞኖችም ገና አልታወቁም ነበር። ቢሆንም ጽሑፉ ከውጤቱ ይልቅ በትንቢቱ ዘለቀ። ሀበርላንት ከተራ የአካል ሕዋስ ሰው ሠራሽ ፅንስ ማግኘት የሚቻልበት ቀን እንደሚመጣ ጻፈ፤ ለዚህም በዘር ውስጥ ፅንሱን ከብቦ የሚመግበው ፈሳሽ ቢሞከር መልካም እንደሚሆን ጠቆመ። የኋላው ታሪክ ሁለቱንም አረጋገጠለት።

ቀጣዮቹ ሠላሳ ዓመታት በዝግታ አለፉ። በ1934 አሜሪካዊው ፊሊፕ ኋይት ከቲማቲም ሥር ጫፍ የቆረጠውን ቁራጭ በጠርሙስ ውስጥ ያለማቋረጥ ማሳደግ ቻለ፤ ጫፉ ባደገ ቁጥር እየቆረጠ ወደ አዲስ ምግብ ያዛውረው ነበር። በዚያው ጊዜ ኦክሲን የተባለው የዕፅዋት ሆርሞን ማንነት ታወቀ። በ1939 ሮዤ ጎትሬና ፒየር ኖቤኩር በፈረንሳይ በካሮት፣ ኋይት ደግሞ በአሜሪካ በትንባሆ፣ ቅርጽ የሌለው የሕዋስ ክምችት ማለትም ካለስ ያለገደብ ማሳደግ እንደሚቻል በየፊናቸው አስታወቁ። ከዚያ ክምችት ቅጠልና ሥር ያለው ተክል እንደ ልብ ማውጣት ግን ገና አልተቻለም።

የመድኃኒት ተክል በዚህ ታሪክ ውስጥ ብቅ ያለው በ1941 ነው፤ ተክሉም ኢትዮጵያውያን አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ ብለው የሚያውቁት ነው። አስተናግር አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ኃይለኛ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ሲበዛ አእምሮን የሚያስት መርዝ፣ ሲመጠን ደግሞ መድኃኒት ነው። አሜሪካዊው አልበርት ብሌክስሊ ይህን ተክል ለዘር ውርስ ጥናት ለብዙ ዓመታት ሲያዳቅለው ቆይቷል። ከተራራቁ ዝርያዎች የተዳቀሉት ፅንሶች ግን ዘሩ ሳይበስል ይሞቱበት ነበር። ከዮሐንስ ቫን ኦቨርቤክና ከሜሪ ኮንክሊን ጋር ሆኖ ፅንሶቹን ከዘሩ እያወጣ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ ማሳደግ ሲሞክር በጣም ትንንሾቹ አልበቅል አሉ። በምግቡ ላይ የኮኮናት ውሃ ሲጨመርበት ግን ማደግ ጀመሩ። የኮኮናት ውሃ የፍሬው ፅንስ የሚመገበው ፈሳሽ ነው፤ ሀበርላንት ከ39 ዓመት በፊት የጠቆመውም ይህንኑ ነበር።

በውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ብዙ ላቦራቶሪዎች ተሯሯጡ። መልሱ የተገኘው ማንም ባልጠበቀው በኩል ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ስዊድን የተወለደው ፎልኬ ስኩግና ባልደረባው ካርሎስ ሚለር የትንባሆ ሕዋስ እንዲከፈል የሚያደርገውን ነገር ሲፈልጉ፣ ከሄሪንግ ዓሣ የዘር ፈሳሽ የተወሰደና መደርደሪያ ላይ የቆየ ዲኤንኤ ላይ ደረሱ። በ1955 ከእሱ ውስጥ ያወጡትን ንጥረ ነገር ካይኔቲን አሉት፤ ሳይቶካይኒን ከሚባሉት ሆርሞኖች መጀመሪያ የታወቀው እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ስኩግና ሚለር የዘመኑን ትልቅ ግኝት አሳተሙ። ለትንባሆ ካለስ ኦክሲን አብዝተው ካይኔቲን ሲያሳንሱ ሥር ይወጣል፤ ካይኔቲን አብዝተው ኦክሲን ሲያሳንሱ ቀንበጥ ይወጣል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ካለሱ ካለስ እንደሆነ ይቀጥላል። ይህ የሁለት ሆርሞኖች ሚዛን እስከ ዛሬ ድረስ የሙያው መሠረት ነው። አዲስ ተክል በጠርሙስ ለማባዛት የሚነሣ ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው ለዚያ ተክል የሚስማማውን ሚዛን ፍለጋ ነው።

ሆርሞኑ ከታወቀ በኋላ የቀረው ምግቡ ነበር። የስኩግ ተማሪ ቶሺዮ ሙራሺጌ በምግቡ ላይ የትንባሆ ቅጠል ጭማቂ ሲጨምር ዕድገቱ በብዙ እጥፍ እንደሚፋጠን አየና አዲስ ሆርሞን ያገኘ መሰለው። ቅጠሉን አቃጥሎ አመዱን ብቻ ሲጨምርም ግን ዕድገቱ አልቀነሰም። አመድ ውስጥ ሆርሞን ሊተርፍ አይችልም፤ የሚተርፈው ማዕድን ነው። ሕዋሳቱ ከዚያ በፊት ይሰጣቸው ከነበረው እጅግ የበለጠ ማዕድን ይፈልጉ ነበር ማለት ነው። ሙራሺጌና ስኩግ በ1962 ያሳተሙት የምግብ ቀመር በስማቸው መጀመሪያ ፊደላት ኤምኤስ ተብሎ ይጠራል። ናይትሮጂንና ፖታሲየም በብዛት ያለበት፣ በሊትር 30 ግራም ስኳር የሚገባበት ይህ ቀመር ከአዲስ አበባ እስከ ቶኪዮ ባሉ ላቦራቶሪዎች ውስጥ ዛሬም የሥራ መጀመሪያ ነው።

ዘዴው ለገበያ መዋል የጀመረው ግን በአበባ ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሞሬል ከባልደረባው ከማርቲን ጋር በ1952 በቫይረስ ከተያዘ ዳሊያ የዕድገት ጫፍ ላይ ኢምንት ቁራጭ ወስዶ ጤነኛ ተክል አወጣ፤ በቀንበጥ ጫፍ ላይ ያሉት አዳዲስ ሕዋሳት ብዙ ጊዜ ቫይረስ አይደርስባቸውምና። በ1960 ያንኑ በኦርኪድ አበባ ላይ ሲሞክር ከአንድ ጫፍ ብዙ ችግኝ ማውጣት እንደሚቻል ተገነዘበ፤ የኦርኪድ ነጋዴዎችም ዘዴውን ወዲያው ተቀበሉት። በዚያው ሰሞን የሀበርላንት ትንቢት ተፈጸመ። በ1958 ስቲዋርድ በአሜሪካ፣ ራይነርት በጀርመን ከካሮት የአካል ሕዋሳት ፅንስ መሰል ነገር አበቀሉ፤ በ1965 ደግሞ ቫሲልና ሂልደብራንት ከአንዲት ነጠላ የትንባሆ ሕዋስ ተነሥተው ሙሉ ተክል አገኙ። አስተናግርም በታሪኩ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ፤ በ1964 ሲፕራ ጉሃና ሳቲሽ ማሄሽዋሪ በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ከቅርብ ዘመዱ የአበባ ዱቄት፣ የዘረመሉን ግማሽ ብቻ የያዙ ችግኞችን አበቀሉ።

ከዚህ ወዲያ የመድኃኒት ተክል ሥራ በሁለት መንገድ ተከፈለ። አንደኛው ሙሉ ተክሉን አባዝቶ ወደ ማሳ መመለስ ነው። ሁለተኛው ተክሉን ጨርሶ ትቶ ሕዋሱን ብቻ በጋን ውስጥ እያራቡ መድኃኒቱን ከሕዋሱ መጭመቅ ነው። ሁለተኛው ሐሳብ ባለሀብቶችን ቀድሞ ማረከ፤ ፋይዘር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በ1956 ንጥረ ነገርን በዕፅዋት ሕዋስ እርባታ ስለማምረት የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። ሐሳቡ ሲሰማ ቀላል ነው። ሲሠራበት ግን ሕዋሳቱ ይበዛሉ እንጂ መድኃኒቱን አይሠሩም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በብዙ ሞቃት አገር ግቢዎች ውስጥ ለአበባው የሚተከለው የማዳጋስካር ቪንካ ነው። በ1958 ካናዳውያኑ ሮበርት ኖብልና ቻርልስ ቢር ከቅጠሉ ያወጡት ቪንብላስቲን ለሊምፍ ዕጢ ካንሰርና መሰል በሽታዎች ፍቱን መድኃኒት ሆነ፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው መጠን ግን እጅግ ጥቂት ነው። የተክሉን ሕዋስ በጋን ለማርባት የወጣው ገንዘብና ጊዜ ብዙ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ከሁለት ንጥረ ነገሮች ጥምረት ሲሆን፣ ቅርጽ የሌለው ካለስ አንደኛውን ሲሠራ ሁለተኛውን ቪንዶሊንን አይሠራም። ቪንዶሊን በቅጠል ውስጥ የየራሳቸው ሥራ ያላቸውን የተለያዩ ሕዋሳት ትብብር ይጠይቃል። ተክል መድኃኒቱን የሚሠራው አካል ሲኖረው ነው የሚለው ትምህርት ከዚህ ተገኘ። የአስተናግርም አትሮፒን የሚሠራው በሥሩ ሆኖ ወደ ቅጠሉ የሚጓዝ በመሆኑ፣ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ከካለስ ይልቅ አንድ ዓይነት የአፈር ባክቴሪያ የሚያበቅለውን ፀጉር መሰል ሥር በጠርሙስ ወደ ማሳደግ ዞሩ።

ሕዋስን በጋን ማርባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የበቃው በጃፓን ነው። ሙራሳኪ የተባለው የጃፓን ተክል ሥሩ ሺኮኒን የተባለ ቀይ ሐምራዊ ቀለም አለው፤ ጥንት የመኳንንት ልብስ ይነከርበት፣ ለቁስልና ለቃጠሎ ቅባትም ይገባ ነበር። ዱሩ ተቆፍሮ አለቀ። ቢተከልም ሥሩ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረቅ ክብደቱም ሺኮኒን የሚሆነው ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ማሞሩ ታባታና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ የሙራሳኪን ሕዋስ ሲያረቡ ሕዋሱ በደንብ በሚያድግበት ምግብ ላይ ቀለሙ እንደማይታይ አስተዋሉ። ብርሃን ይከለክለዋል፤ በምግቡ ውስጥ ያለ አሞኒየምም ይከለክለዋል። ለዕድገት የሚመቸውና ለቀለም የሚመቸው ነገር ተቃራኒ ሆነ። የሚትሱይ ፔትሮኬሚካል ኩባንያ ባለሙያዎች እነ ያሱሂሮ ፉጂታ መላውን አገኙለት፤ ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። ሕዋሱ በመጀመሪያው ጋን ውስጥ ዕድገት በሚያፋጥን ምግብ ይበዛል፤ ከዚያ አሞኒየም ወደሌለበት፣ 750 ሊትር ወደሚይዝ ሁለተኛ ጋን ይዛወርና ቀለሙን ማምረት ይጀምራል። በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ሺኮኒኑ ከሕዋሱ ደረቅ ክብደት እስከ 20 በመቶ ይደርስ ነበር። በ1983 ምርቱ ተጀመረ፤ ካኔቦ የተባለው የመዋቢያ ድርጅትም የከንፈር ቀለም ሠራበት። በዕፅዋት ሕዋስ እርባታ የተሠራው የመጀመሪያ የገበያ ዕቃ መድኃኒት ሳይሆን ሊፕስቲክ ሆነ፤ ለመድኃኒቱ መንገድ የከፈተው ግን እሱ ነው።

መንገዱን በስፋት የተጠቀመበት ታክሶል ነው። በ1962 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከፓሲፊክ የው ዛፍ ቅርፊት የተወሰደው ናሙና የካንሰር ሕዋስን እንደሚገድል ታወቀ፤ ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ በ1971 የንጥረ ነገሩን አወቃቀር አሳተሙ፤ በ1992 መጨረሻ ላይ ለማህፀን እንቁልጢ ካንሰር ሕክምና ተፈቀደ። ፈቃዱ ደስታንም ጭንቀትንም አመጣ። ዛፉ በዝግታ የሚያድግ፣ ቅርፊቱም ስስ ነው፤ አንዲት ሕመምተኛን ለማከም የበርካታ ትልልቅ ዛፎች ቅርፊት ይላጣል፤ የተላጠው ዛፍ ይሞታል። ኬሚስቶች መጀመሪያ ከአውሮፓው የው ቅጠል በተወሰደ ንጥረ ነገር ተነሥተው መድኃኒቱን ሠሩት፤ ቅጠል ደግሞ ሲቀጠፍ ይተካል። ቀጥሎ ሕዋሱን በግዙፍ ጋኖች ማርባት መጣ። ፋይቶን የተባለው ኩባንያ በጀርመን የተጠቀመባቸው ጋኖች እስከ 75 ሺህ ሊትር የሚይዙ ነበሩ። የመድኃኒቱ አምራች ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ወደዚህ ዘዴ በመዛወሩ በ2004 የአሜሪካን የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሽልማት ተቀበለ። ተክል ሳይነካ መድኃኒት ማግኘት እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልተገኘም። እንዲህ ያለ ጋን መግዛት የሚችለው ግን በዓለም ዙሪያ ገበያ ያለው መድኃኒት ብቻ ነው፤ የመንደር መድኃኒት ጋኑን ለመሙላት የሚበቃ ገንዘብ አያመጣም። ለእሱ የሚሆነው የመጀመሪያው መንገድ፣ ችግኝ አባዝቶ ወደ መሬት መመለስ ነው።

የዚህ መንገድ ሥራ ከሳይንሱ ይልቅ በእጅ ጥንቃቄ የሚለካ ነው። ምግቡ አጋር ከሚባል ማርጊያ ጋር ተበጥብጦ፣ አሲድነቱ 5.8 ላይ ተስተካክሎ፣ በ121 ዲግሪ ሙቀት ተቀቅሎ እንደ ጄሊ በጠርሙሱ ግርጌ ይረጋል። ከእናት ተክሏ የተቆረጠው ቀንበጥ ታጥቦ ለጥቂት ሰኮንዶች 70 በመቶ አልኮል ውስጥ፣ ቀጥሎ ለደቂቃዎች በረኪና ውስጥ ይነከርና በተቀቀለ ውሃ ደጋግሞ ይለቀለቃል። በረኪናው ቢያንስ ሻጋታው ይተርፋል፤ ቢበዛ ቀንበጡ ራሱ ይሞታል። ቆራጩ የተጣራ አየር በሚነፍስበት ጠረጴዛ ላይ፣ በእሳት በተተኮሰ መቁረጫ፣ እምቡጥ ያለባትን አንጓ ብቻ ነጥሎ ይተክላል። የዛፍ ዓይነቶች ሲቆረጡ ቡናማ ፈሳሽ ስለሚያመነጩ ምግቡ ይጠቁርና ቁራጩ በራሱ መርዝ ሊሞት ይችላል። ከዚህ የተረፈችው ቁራጭ በሳይቶካይኒን ኃይል ብዙ ቀንበጥ ታወጣለች፤ ቀንበጦቹ እየተነጠሉ እንደገና ይተከላሉ፤ በየወሩ ወይም በየወር ተኩሉ በእጥፍ እየበዙ ይሄዳሉ። በመጨረሻ ኦክሲን ያለበት ምግብ ሥር እንዲያወጡ ያደርጋል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። በጠርሙስ ውስጥ በእርጥብ አየር ያደገ ቅጠል ውሃ እንዳይተን የሚከላከል ሰም የለውም፤ በድንገት ወደ ደጅ ቢወጣ በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል። ስለዚህ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ሽፋኑ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየተገለጠ፣ ለሳምንታት ይለማመዳል።

በኢትዮጵያ የዚህ ታሪክ መነሻ እንዶድ ነው። በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከተ፤ ከማጠቢያው በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው ነበር። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ በመሆኑ ነገሩን ተከታተለው። በዓድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። አክሊሉ ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። የለገሠ ድርሻ እርሻው ነበር፤ ከየቦታው ከተሰበሰቡት የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ፍሬው ቀንድ አውጣን በመግደል የላቀውን ለመለየት በተደረገው ሥራ ዓይነት 44 የተባለው ተመረጠ።

ምርጫው ያለ ብዜት ትርጉም አልነበረውም። እንዶድ ወንድና ሴት አለው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት፤ ዘሯ ሲዘራ ግማሹ ወንድ ሊሆን ይችላል፤ ሴቶቹም ቢሆኑ የእናታቸውን ኃይል ለመውረሳቸው ዋስትና የለም። ዓይነት 44 እንደ ራሱ ሆኖ የሚዘልቀው በቁራጭ ሲባዛ ብቻ ነው። በ1990 እንዶድን ከቀንበጥ ጫፍና ከአንጓ በጠርሙስ ማባዛት እንደሚቻል የሚያሳይ ጥናት ታትሞ ወጣ። ከኢትዮጵያ የመድኃኒት ዕፅዋት መካከል ወደ ጠርሙሱ ቀድመው ከገቡት አንዱ ነው።

ኮሶ የተከተለው በአሥራ አምስት ዓመት ነው። ኮሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በመድኃኒት መዝገቦቻቸው ላይ ሰፍሮ ነበር፤ አዳዲስ የትል መድኃኒቶች እስኪተኩት ድረስ በፋርማሲዎቻቸው ይሸጥ ነበር። ዛፉም ከእንዶድ ጋር አንድ ጠባይ አለው፦ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ናቸው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቷ ቀይ አበባ ነው፤ በዘር የበቀለ ችግኝ ግን አበባ እስኪያወጣ ድረስ ጾታው አይታወቅም። ደጋው ሲመነጠር፣ ጣውላውም ሲፈለግ ኮሶ ከብዙ ቦታ ተመናምኗል። ጥላዬ ፈይሳ በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው የዶክትሬት ጥናት ኮሶን በጠርሙስ የማባዛት ዘዴ አዘጋጅቶ በ2005 አሳተመ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የብዙ መድኃኒት ተክሎች ብዜት የማስተርስ ጥናት ርዕስ ሆኗል፤ ቀበሪቾም ከእነዚህ አንዱ ነው።

ጥናቶቹ በዝተዋል። ከጠርሙስ ወጥቶ ገበሬው ማሳ ላይ የደረሰው ግን በአመዛኙ ሙዝ፣ ሸንኮራ አገዳና ድንች ነው፤ ለገበያ የሚቀርበው ቀበሪቾ ዛሬም ከዱር የሚቆፈር ነው። ምክንያቱ የእውቀት ጉድለት አይመስልም። ሸንኮራ አገዳ ፋብሪካ አለው፣ ድንች ገዢ አለው፤ የቀበሪቾ ችግኝ በገንዘብ የሚገዛ ገበሬ ደግሞ ዱሩ በነጻ እስካለ ድረስ አይገኝም። ላቦራቶሪው የሚበላው መብራት፣ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቀው ኬሚካልና የሠራተኛው ደመወዝ በአንድ ችግኝ ላይ ሲካፈል ዋጋው በዘር ከበቀለው ችግኝ ይበልጣል። ስለዚህ ዘዴው የሚያዋጣው ዘሩ ለማይበቅል፣ ጾታው ለሚመረጥ ወይም ሊጠፋ ለተቃረበ ተክል ነው።

ለሚጠፋ ተክል ሲውል ደግሞ ዘዴው የራሱ አደጋ አለው። በ1981 ላርኪንና ስኮክሮፍት የተባሉ ተመራማሪዎች ከካለስ የወጡ ችግኞች አንዳንድ ጊዜ ከእናታቸው እንደሚለያዩ በዝርዝር አሳዩ። ከእምቡጥ የሚባዙት ይህ ብዙም አይደርስባቸውምና ለመድኃኒት ተክል ከካለስ ይልቅ እምቡጥ ይመረጣል። ሁለተኛው አደጋ መመሳሰል ራሱ ነው። ከአንዲት ምርጥ ኮሶ የተባዛ ተራራ ሙሉ ደን አንድ በሽታ ቢገባበት ሁሉም በአንድ ላይ ይጠቃል፤ ሁሉም ሴት ስለሆነ በአቅራቢያው ወንድ ከሌለም ዘር አይሰጥም። በዚህ ምክንያት ለአበባው ምርት ሲባል ጥቂት የተመረጡ ሴት ዛፎችን ማባዛት ይበቃል፤ ደኑን ለመመለስ ግን ቁራጮቹ ከተለያዩ ተራሮች፣ ከብዙ እናት ዛፎችና ከወንዶቹም መወሰድ አለባቸው።